የሰሙትን ስለ መመርመር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አባቶቻችን ስለ ሰው ነፍስ ሲያስተምሩ ለባዊት ናት፣ ነባቢት ናት፣ ሕያዊት ናት ይላሉ። ለባዊት ማለት የምታስብ፣ የምታስተውል፣ ደጉን ከክፉ የምትለይ ማለት ነው። ነባቢት ማለት የምትናገር፣ ሕያዊት ማለትም ሥጋ በሞት ሲፈርስ እርስዋ የማትፈርስ ማለት ነው። እግዚአብሔር ለሰው እነዚህን ሦስቱን በአንድነት ሰጥቶት ሳለ፣ ማሰቡን ለሌላ አደራ ሰጥቶ በቀሩት በሁለቱ ብቻ መኖር የሚቻለው የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። መናገሩንስ ማንም ለጎረቤቱ አልተወለትም፤ ማሰቡን ግን ለገበያ፣ ለወሬ ነጋሪ፣ ድምፁ ከፍ ላለው ሰው ሁሉ ትቶለት ይገኛል። ዛሬ ልንነጋገር ያሰብነው ስለዚሁ ነው።

ማሰብና መመርመር የመምህራን ሥራ ነው፤ የእኛ ድርሻ ሰምቶ መቀበል ነው የሚሉ ምእመናን አሉ። ይህን የሚሉት ስለ ትሕትና እንደ ሆነ እናውቃለንና አንነቅፋቸውም። ነገር ግን ትሕትናና ስንፍና አንድ ዐይነት ልብስ ለብሰው የሚመጡበት ጊዜ አለ። መክሊቱን በምድር የቀበረው አገልጋይም ጌታዬን ፈርቼ ነው ብሎ ነበር፤ ፍርሀቱ ግን ምክንያት ሆኖ አልተቈጠረለትም።

በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ 8 የተጻፈውን የአገራችንን ሰው እናስታውስ። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ታላቅ ሹም ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሰግዶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ወንጌላዊው ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፣ ሹሙ አልተቈጣም፤ አውቃለሁም አላለም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሎ መንገደኛውን በሠረገላው ላይ አስቀመጠው። ከዚያም ጠየቀ፤ ነቢዩ ይህን የተናገረው ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ ሰው? ይህ ጥያቄ ዛሬም በትርጓሜ ቤት የሚጠየቅ የሊቅ ጥያቄ ነው። በዚህ ሰው ዘንድ ሁለት ነገር በአንድነት ተገኝቷል፤ ያልገባውን ያልገባኝ ነው ማለትና፣ ለማወቅ አጥብቆ መጠየቅ። መጠየቁ ከጥምቀት አላራቀውም፤ በዚያው መንገድ ላይ ወደ ውኃው አወረደው እንጂ። የቤርያ ሰዎችም የቅዱስ ጳውሎስን ስብከት በደስታ ከተቀበሉ በኋላ፣ ነገሩ እንደዚያ እንደ ሆነ ለማየት ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ እንደ ነበር፣ ስለዚህም እንደ ተመሰገኑ በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 17 ተጽፏል። የሐዋርያ ስብከት ከተመረመረ የጎረቤት ወሬ የማይመረመርበት ምክንያት ምንድን ነው?

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የቃል ጥናት ብቻ ነው ሲሉ የምንሰማቸው አሉ፤ ከውጭም ከውስጥም። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ነገሩ እውነት ነው። ፊደል የሚቈጥር ሕፃን፣ ዳዊት የሚደግም ተማሪ፣ ድጓ የሚያጠና ደቀ መዝሙር የመምህሩን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ መያዝ አለበት። ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ሥርዐቱ ይለወጣል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ቢሆን፣ የመምህሩን ቅኔ የደገመ ተማሪ ተቀኘ አይባልም። ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከቅጥር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ፣ ከገዛ ልቡ የሚወጣውን መፈለግ አለበት። ያገኘውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩም አገባቡ የጐደለውን ያርማል፣ ምሥጢሩ ያልገጠመውን ይጥላል፤ ተማሪው ሳይቀየም እንደ ገና ወደ ዛፉ ሥር ይመለሳል። እንዲህ እያለ ዓመታት ያልፋሉ። ወደ ትርጓሜ ቤት ብናልፍም መምህሩ ንባቡን አንብቦ አንድ ፍች ከሰጠ በኋላ አንድም ብሎ ሁለተኛውን፣ አንድም ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል። ተማሪው የሁሉንም መሠረት መያዝ፣ የትኛው ከየትኛው ንባብ ጋር እንደሚስማማ መመዘን ይኖርበታል። በጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው የተለዩ ሁለት የትርጓሜ ወገኖች እንደ ነበሩም የታወቀ ነው። እንግዲህ ለብቻ ማሰብ ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በገዛ ቅጥራችን ውስጥ ሲሠራበት የኖረ ነው። ተማሪው ለብቻው ያስባል፤ ያሰበውን ግን ከሚያርመው ዘንድ ያቀርባል።

ይህን ስንል የእግዚአብሔርን ምሥጢር በሰው ልክ እንስፈረው ማለታችን አይደለም። እህል በቁና ይሰፈራል፤ ባሕር ግን በቁና አይሰፈርም። የሥላሴን አንድነትና ሦስትነት፣ የአምላክን ሰው መሆን በእምነት እንቀበላለን። የሰፈር ወሬ ግን ምሥጢር አይደለምና በእምነት ሊቀበሉት አይገባም፤ ምስክር ይፈልጋል። የሚያሳዝነው ብዙ ሰዎች ይህን ገልብጠው መያዛቸው ነው። ስለ ምሥጢሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር ያደረ ሰው፣ ጠዋት በደጁ የሰማውን ሐሜት ሳያላምጥ ይውጠዋል።

በመጽሐፈ ነገሥት ውስጥ ስለዚህ ነገር የሚያስፈራ ታሪክ አለ፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ በምዕራፍ 13 ይገኛል። ሁላችሁም ቤታችሁ ስትገቡ ብታነቡት ደስ ይለናል። ከይሁዳ የመጣ አንድ የእግዚአብሔር ሰው ወደ ቤቴል ሄዶ በንጉሡ በኢዮርብዓም ፊት በመሠዊያው ላይ የጥፋት ቃል ተናገረ። ንጉሡ ያዙት ብሎ የዘረጋት እጅ ደረቀች፤ በነቢዩም ጸሎት ዳነች። ንጉሡ ተደንቆ ወደ ቤቴ ግባ፣ ምግብ ብላ፣ ሽልማትም ልስጥህ ቢለው፣ የቤትህን እኵሌታ ብትሰጠኝ እንኳ አልገባም አለ። በዚያ ስፍራ እንጀራ እንዳይበላ፣ ውኃ እንዳይጠጣ፣ በመጣበትም መንገድ እንዳይመለስ እግዚአብሔር አዝዞት ነበርና።

እስከዚህ ድረስ ጀግና ነው። ከንጉሥ ማዕድ የሸሸ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ያሸንፈዋል ያሰኛል። ነገር ግን በቤቴል አንድ ሽማግሌ ነቢይ ይኖር ነበርና ልጆቹ የሆነውን ሁሉ በነገሩት ጊዜ አህያውን አስጭኖ ተከተለው፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦም አገኘው። እኔም እንዳንተ ነቢይ ነኝ፤ ወደ ቤቴ መልሼ እንዳበላህ መልአክ በእግዚአብሔር ቃል ነግሮኛል አለው። መጽሐፉ ሳይሸፋፍን እንደሚነግረን ሽማግሌው ዋሸው። ያም ሰው አብሮት ተመልሶ በላ፤ ጠጣም። በመንገድም አንበሳ አግኝቶ ገደለው። አንበሳው ሬሳውን አልበላም፤ አህያውንም አልሰበረም፤ ሁለቱ ከሬሳው አጠገብ ቆመው ነበር። ሽማግሌው ሄዶ አነሣው፤ አለቀሰለትም፤ በገዛ መቃብሩም ቀበረው።

ይህን ታሪክ ባነበብን ቍጥር አንድ ነገር እንጠይቃለን። ንጉሡን እምቢ ያለ ሰው ሽማግሌውን ለምን እሺ አለ? ንጉሡ በግልጥ ጠላት ነበርና ቃሉን መዝኖ ጣለው። ሽማግሌው ግን እኔም እንዳንተ ነኝ ብሎ መጣ። የወገን ቃል ሳይመዘን ይገባል። በዚያ ላይ ሰውዬው ከረጅም መንገድ በኋላ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ደክሞትም ርቦትም ይሆናል። የተነገረው ውሸት ከእንጀራ ጋር ነው የመጣው። ሊሰማው ይፈልገው የነበረውን ነገር ነው የሰማው። ይህን የምንለው ሟቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ውሸት ወደ ልባችን የሚገባበትን በር ስለሚያሳየን ነው። ልንሰማው የምንወደው ወሬ ሲመጣልን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ልንጠነቀቅ ይገባናል። ሰውዬውን ሊያድነው የሚችል አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ትእዛዙን ለእኔ ራሱ የነገረኝ እግዚአብሔር፣ መሻሩን ለምን በሌላ ሰው ይልክብኛል? ይህን ለመጠየቅ ሊቅነት አያስፈልገውም ነበር፤ የሚያውቀውን ማስታወስ ይበቃው ነበር።

ዛሬም በሕልም ታየኝ፣ መልአክ ነገረኝ የሚል ሰው ወደ ደጃችን ይመጣል። ቆብ ደፍቶ፣ መስቀል ይዞ ይሆናል። ሥርዐቱ ቀላል ነው፤ ከየትኛው ገዳም ነህ? የላከህ ማን ነው? ደብዳቤህ የት አለ? የአጥቢያችን አስተዳዳሪ ያውቁሃልን? ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነው። እውነተኛው መነኵሴ በዚህ አይቈጣም፤ እንዲያውም ይመሰክርላችኋል። የሚቈጣውንና የሚራገመውን ግን ከገንዘብ ከረጢታችሁም ከልጆቻችሁም አርቁት። በእጅ ስልክ የሚላከውም መልእክት እንዲሁ ነው። ይህን ለዐሥር ሰው ያስተላለፈ በሦስት ቀን በረከት ያገኛል፤ ያላስተላለፈ መቅሠፍት ይደርስበታል የሚል በቅዱሳን ስም የተጻፈ ዛቻ ስንቱን ሰው በሌሊት አስደንግጧል! ቅዱሳን በጸሎታቸው ይራዱናል እንጂ በቍጥር አያስፈራሩንም።

ጠበልና መድኃኒት የሚጣሉ የመሰላቸው ሰዎችም ነበሩ፤ ዛሬም ጨርሰው አልጠፉም። መድኃኒቱን ጥሎ ወደ ጠበል ብቻ የሄደ ሕመምተኛ ብዙ ተጎድቷል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና ብሎ እንደሚመክር እየታወቀ፣ ሁለቱን ማን አጣላቸው? ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ከጠበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልገንም።

ይህ ሁሉ ግን ብዙ ሰው ስላለው፣ ትልቅ ሰው ስላለው ከሚል ፍርሀት ጋር ይጋጫል። ቅዱስ አትናቴዎስ በ325 ዓ.ም 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ በተሰበሰቡ ጊዜ ገና ዲያቆን ነበር። በኋላ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ፣ ነገሥታት ወደ አርዮስ ትምህርት ባዘነበሉ ጊዜ፣ ስለ ሃይማኖቱ አምስት ጊዜ ተሰደደ። ለአገራችን አባ ሰላማን የሾመልን እርሱ ነው። በ356 ዓ.ም ገደማ የሮም ንጉሠ ነገሥት ቈንስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለወንድሙ ደብዳቤ ጽፎ፣ አባ ሰላማ ወደ እስክንድርያ ተልኮ በአትናቴዎስ ስፍራ በተተካው በጊዮርጊስ ዘንድ እንዲመረመር ጠየቀ። የዘመኑን ዓለም የሚገዛ ንጉሥ ደብዳቤ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ ራሱ በጽሑፉ ውስጥ ስላቈየልን ዛሬም ይነበባል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን የኒቅያን ሃይማኖት እንደ ያዘች ቀረች። ይህን የሰማ ወጣት ተነሥቶ ብቻዬን ከሆንሁ ልክ ነኝ እንዳይል እንለምነዋለን፤ አትናቴዎስ ከመጻሕፍትና ከጉባኤው ጋር ነበር፤ ብቻውን የመሰለው በዘመኑ ሰዎች ዐይን ነው።

እንግዲህ ከሁሉ የሚከብደውን ነገር ለመጨረሻ አቈይተነዋል።

በሶስና ታሪክ ሁለት ሽማግሎች፣ ያውም ዳኞች፣ ንጽሕት ሴትን በሐሰት ከሰሱ፤ ጉባኤውም የሕዝብ ሽማግሎችና ዳኞች ስለሆኑ አመናቸው፤ ሞትም ተፈረደባት። ጉባኤው ክፉ አልነበረም፤ አልጠየቀም እንጂ። እግዚአብሔር የብላቴናውን የዳንኤልን መንፈስ ባስነሣ ጊዜ፣ ዳንኤል ሁለቱን ለያይቶ በየትኛው ዛፍ ሥር አያችኋት? ብሎ ለየብቻ ጠየቃቸው። አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፤ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። በአንዲት ጥያቄ የንጹሕ ደም ዳነ።

በየአጥቢያችን ዳንኤል ያጣች ስንት ሶስና አለች! ሕፃን ይታመማል፤ ትኵሳቱ ይበረታል። ከጎረቤት አንዷ፣ ትናንት ሸክላ ሠሪዋ በደጅ ስታልፍ አይታው ነበር ትላለች። ማታ ሲሆን ቡዳ በልቶት ነው የሚለው ወሬ መንደሩን ያዳርሳል። ትኵሳቱ የጀመረው ሴቲቱ ሳታልፍ ነው ወይስ ካለፈች በኋላ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚያው ምንጭ የጠጡት የሌሎች ቤት ልጆችስ ደኅና ናቸውን? የሚል የለም። ስንት ደጅ አልፋ ስንት ሕፃን አይታ ስለ ምን ይህ ብቻ ታመመ? የሚልም የለም። ሕፃኑ ወደ ሐኪም ሊደርስበት የሚገባው ሰዓት በዚህ ወሬ ያልፋል። ሴቲቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሰሮዋን የሚገዛት ሰው ፊቱን አዙሮ ገንዘቡን ይወረውርላታል፤ የልጅዋ መታጨት ይፈርሳል፤ በጽዋ ማኅበር አትጠራም፤ ለእርስዋ የተለየ ዋንጫ ይቀመጥላታል። በሕግ ችሎት ሁለትና ሦስት ምስክር ሳይቆም የማይፈረደው ፍርድ፣ በዚህች ሴት ላይ ያለ አንድ ምስክር ተፈርዶ ዕድሜ ልኳን ይጸናባታል። ልጅ ልጅዋም ይወርሰዋል።

ቀጥቃጩንም፣ ሸማኔውንም፣ ቆዳ ፋቂውንም እንዲሁ ስናደርግ ኖረናል። ደግሞ እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። የምንሳለመው መስቀል ከቀጥቃጩ እሳት የወጣ ነው። ጽናውና ቃጭሉ፣ ጸናጽሉም እንዲሁ ነው። የመቅደሱን መጋረጃ የሠራው ሸማኔ ነው። በአክብሮት የምንስመው ወንጌል የተጻፈበት ብራና ከፍየል ቆዳ ተፍቆ የተዘጋጀ ነው። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 31 በወርቅና በብር በናስም ይሠራ ዘንድ እግዚአብሔር በጥበብ መንፈስ የሞላው ባስልኤል የእጅ ሠራተኛ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር። በናዝሬት ግን ጌታችን በምኵራብ ሲያስተምር የሰሙት ሰዎች ይህ ጸራቢው አይደለምን ብለው ተሰናከሉበት። ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 6 እንደ ጻፈው፣ ስለ አለማመናቸው በዚያ ከጥቂት ሕመምተኞች ፈውስ በቀር ተአምራት አልተደረገላቸውም። የእጅ ሠራተኛን መናቅ አምላክን በደጅ ያቆመ ንቀት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብን ሰው የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን እስካሁን ከአፋችን አልወጣም።

አባቶቻችን እንዲህ ሲሉ ነው ያደግነው የሚል ይኖራል። አባቶችን ማክበር ትእዛዝ ነው፤ አንከራከርበትም። ግን የትኛው አባት፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ምዕራፍ? ብለን እንጠይቅ። ጥያቄውን ለንስሓ አባታችሁም አቅርቡላቸው፤ አይቈጡም። ሽማግሎች ከልማድ ያደረጉት ነገርና ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ ሁለቱን ለመለየት ነው ልቡና የተሰጠን።

በሚመጣው የጽዋ ቀን ከማኅበርተኞቹ መካከል ማን እንዳልተጠራ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ጠላው ከመቀዳቱ በፊት፣ ስለ ምን አልተጠራችም? ብላችሁ ጠይቁ። የሚሰጣችሁን መልስ ሁሉ በትዕግሥት ስሙ። ከዚያም ማን አየ? መቼ? በየት? በሉ፤ መልሱ እስኪመጣም ዋንጫዋን በመካከላችሁ አስቀምጡላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።